መርዶ ይዘን በሦስት ደሴቶች

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ ወረድኩና ወንዙን በምታሻግረው ትንሽ ጀልባ ተሳፈርን። ልጆቹ ፎቶ ሊነሱ ወደ ፊት ሮጡ፤ እኔ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። የናፍጣው ጢስ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከተቀባችው የፀሐይ ቅባት ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ፊቴን አዞርኩ። መታመሜ አልነበረም፤ ንዴት ነው። ማንም ሳይነካኝ፣ በዚያ በጠራ ቀን፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ በአንድ የፍልሰታ ሰሞን የተናደድኩት ንዴት እንዳለ ተመልሶ መጣብኝ።

የዚያ ክረምት ነገር የጀመረው በር በመንኳኳት ነው።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ኤሲያችን ከተበላሸ ሳምንት ስላለፈው፣ ማለዳ በሩ ሲንኳኳ ጠጋኙ የመጣ መስሎኝ በደስታ ሮጬ ከፈትኩ። ስድስት ሰዎች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ከፊት የቆሙትን ረጅም ሽማግሌ በእንግሊዝኛ «ኤሲውን ልትሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«እናትሽ ተነስታለች ልጄ?» አሉኝ በአማርኛ።

ማሚ የሆቴል ሥራ ልብሷን ለብሳ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና ብላ ሰዎቹን አየች። ማንም አንድ ቃል ሳይናገር «ማናት? እማዬ ናት? እማዬ ናት ወይ?» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እኔ ኤሲ ሠሪዎቹ ምን እንዳደረጓት ስላልገባኝ ሽማግሌውን በሁለት እጄ ገፋኋቸው። ንቅንቅ አላሉም። እጄን ብቻ ያዙኝ።

እኚህ ሰው ጋሽ ተሰማ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የዕድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። አገር ቤት ለብዙ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። አሜሪካ ከመጡ ወዲህ ግን መሪ ጨብጠው አያውቁም፤ ሌላ ሰው የሚነዳት የቤት መኪና ውስጥ መግባትም አይወዱም። ሌሎቹ አምስቱ በመኪና ሲመጡ እሳቸው የመጀመሪያውን ባቡር ይዘው፣ ሁለት ጊዜ ቀይረው፣ ከሁሉም ቀድመው ደርሰው ደረጃው ላይ ሲጠብቁ ነበር አሉ። ይህን ጸባያቸውን ያኔ ባውቅ ኖሮ የኋላውን ነገር ሁሉ አስቀድሜ እገምት ነበር።

የሞተችው የእናቴ እናት ናት። ሁሉም «እማዬ» ስለሚሏት ለረጅም ጊዜ ስሟ እማዬ ይመስለኝ ነበር። አይቻት አላውቅም። ለእኔ እማዬ ማለት በስልክ ውስጥ ከርቀት የምትመጣ፣ «ጎበዝ ተማሪ ነሽ? ትበያለሽ?» ብላ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄ ብቻ የምትጠይቅ ድምፅ ናት። ስለዚህ ቤታችን በሰው ሲሞላ፣ ማሚ ፀጉሯን ከሥሩ አሳጥራ ጥቁር ስትለብስ፣ እኔ የተሰማኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቴሌቪዥን መክፈት ተከልክሏል።

በሦስተኛው ቀን ትልልቆቹ ስለ አጎቴ ስለ ዳኛቸው መነጋገር ጀመሩ። ዳኛቸው የማሚ ታናሽ ወንድም ነው። መጀመሪያ ሲመጣ አንድ ዓመት ሙሉ ሶፋችን ላይ ተኝቷል፤ ፓንኬክ መገልበጥ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ ቀለም ቀቢ ሆኖ አውሎ ነፋስ ያበላሻቸውን ሆቴሎች ከሚያድስ ቡድን ጋር ወደ ቨርጂን ደሴቶች ሄደ። ስልኩ ባሕር ውስጥ ከወደቀበት ወዲህ በየእሁዱ ካገኘው ሰው ስልክ ተውሶ ይደውላል እንጂ እኛ ልናገኘው አንችልም።

«እሁድ ሲደውል ለምን አትነግሩትም?» አልኩ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እንደ ተሳደብኩ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«በስልክ?» አለች ማሚ።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ሰው እንዲህ ያለውን ብቻውን ቆሞ አይሰማም። በደንብ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ኖሮ ነው የሚነገረው። እዚያ ደሴት ላይ ማን አለው?»

እሁድ ደወለ። ማሚ ስልኩን ስታነሳ ሃያ የሚሆን ለቀስተኛ ትንፋሹን ዋጠ። ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ እየሳቀች ታወራለች። «ጉንፋን ይዞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ! እማዬም ደህና ናት! አዎ፣ አነጋገርኳት!» አለችው። ስልኩን ስትዘጋ አንዲት ሴትዮ ከኋላ ደግፋ ያዘቻት። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ «ውሸት ነውር ነው» ስባል ያደግኩ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲዋሽ ቆሜ አየሁ።

እዚያው ቀን ተወሰነ፤ ማሚና ጋሽ ተሰማ ሄደው ይነግሩታል። አባቴ የፓርኪንግ ሥራውን መልቀቅ ስለማይችል ከትንሹ ወንድሜ ጋር ይቀራል። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ እሄዳለሁ። የማሚ እንግሊዝኛ ከሆቴሉ በር አልፎ አይሄድም። ጋሽ ተሰማ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚያውቁት የባቡር ጣቢያዎችን ስም በቅደም ተከተል ነው።

ደሴት! ዋና ልብሴን ከሁሉም በፊት ነው ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት። ለፎቅ ጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ። ማሚ ግን በማርያም ስም አስምላኝ፣ ዳኛቸውን ሳገኘው ምን እንደምል ደጋግማ አስጠናችኝ። «አያቴ ደህና ናት። ቫኬሽን መጥተን ነው።» በቃ። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልናገርም።

ጋሽ ተሰማ አንድ ጥቁር ቦርሳ ይዘው መጡ። ማንም እንዲይዝላቸው አይፈቅዱም፤ አውሮፕላን ላይ እንኳ ጭናቸው ላይ አድርገውት ነበር። ትልልቆቹ ሲያወሩ «መርዶ ይዘን ነው የምንሄደው» ሲሉ ስለ ሰማሁ መርዶው እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ። የሆነ ወረቀት ወይም ማኅተም ያለበት ነገር ይሆናል ብዬ እሳቸው ሲያንቀላፉ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ነጠላ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ውዳሴ ማርያም፣ አንድ ትልቅ ላስቲክ ቆሎ። በቃ። እንግዲህ ለዚህ ነው ባሕር የምንሻገረው ብዬ ተበሳጨሁ።

ሴንት ቶማስ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እርጥብ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጠፈ። ከአየር ማረፊያው በር ላይ ታክሲ ነጂዎች ተንጋግተው ጠሩን። ማሚ ወደ አንዱ ስታዘነብል ጋሽ ተሰማ አስቆሟት። «አውቶቡስ በሌለበት አገር ነው ታክሲ። እስኪ ጠይቂ፣ አውቶቡስ የለም ወይ?»

አለ። ግን ያ ነገር አውቶቡስ አይደለም። ከኋላው አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ጣራ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የጭነት መኪና ነው። ሹፌሩ የሆነ ነገር ጠየቀኝ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ዜማው ግን ሰምቼው የማላውቀው ነው። «ዋት?» አልኩት። ደገመልኝ። እንደገና «ዋት?» አልኩት።

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«አልገባኝም።»

«አሜሪካ አይደል የተወለድሽው? እንግሊዝኛ አትችይም እንዴ?»

ፊቴ ነደደ። በትምህርት ቤቴ በእንግሊዝኛ የሚቀድመኝ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ተረድተው በምልክት አስረዱን፤ ሹፌሩ የጠየቀው የት እንደምንወርድ ብቻ ነበር። መኪናው ሲነሳ ደግሞ የባሰው መጣ። እዚያ አገር የሚነዳው በግራ ነው። ጋሽ ተሰማ ይህን እንዳዩ ከመቀመጫቸው ተነስተው ብረቱን ጨብጠው «ቀኝህን! ቀኝህን ያዝ አንተ ሰውዬ!» ብለው ጮኹ። በየጥምዝምዙ ጮኹ። እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ የማላውቃቸው ለመምሰል ብሞክርም በየደቂቃው «ንገሪው እንጂ! ንገሪው!» ይሉኛል።

በደሴቲቱ ጫፍ ወደ ሴንት ጆን የምትሻገር ጀልባ አገኘን። ጀልባዋ ስትነሳ ማሚ ሻንጣዋን ይዛ ሽንት ቤት ገባች። ስትወጣ ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች፤ የተቆረጠውን ፀጉሯን በሰፊ የሣር ባርኔጣ ሸፍናለች። ከንፈሯንም ቀብታለች። ዳኛቸው ጥቁር ለብሳ ካያት ወዲያው ስለሚገባው ነው። እንደ ቱሪስት አምራ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እንባዋ በቀባችው ዱቄት ላይ መንገድ እየሠራ ወረደ። «ማሚ፣ ሜካፕሽ» አልኳት። ከቦርሳዋ መስታወት አውጥታ አስተካከለች።

ሴንት ጆን ላይ ተራራውን በአውቶቡስ ተሻገርን። አህዮች መንገዱ መሐል ቆመው አንሄድም ሲሉ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሙዝ ላጠ። ማሚ ባርኔጣዋን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጄን እያሸች «አያቴ ደህና ናት በይ፤ እሺ? በይ እስኪ» ትለኛለች። ጋሽ ተሰማ ደግሞ ከፊታችን ሆነው የሚናገሩትን ለብቻቸው ይለማመዳሉ። «ልጄ ዳኛቸው፣ የሰው ልጅ ሁሉ እንግዳ ነው…» ይሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ እንደገና ይጀምራሉ። እድሳቱ የሚካሄድበት ሆቴል ስንደርስ አንድ ዘበኛ ብቻውን ተቀምጦ አገኘን። የዚህኛውን እንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ አስደግሜ ገባኝ። ቡድኑ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሴንት ክሮይ የሚባል ሌላ ደሴት ላይ ነው።

ማሚ ዘበኛው የአንድ ባዶ ክፍል ቁልፍ ሰጥቷት ቀሚሷን አውልቃ ጥቁሩን መልሳ ለበሰች።

ተመልሰን በአውቶቡስ፣ በጀልባ፣ በአውቶቡስ። ወደ ሴንት ክሮይ የምትሄደው ጀልባ በየቀኑ ስለማትነሳ ሴንት ቶማስ ላይ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረብን። ያረፍነው ሚስ አይሪስ የምትባል ወፍራም አዛውንት ጓሮዋ ውስጥ በምታከራየው ክፍል ነው። ባሕሩ ከበሩ መቶ እርምጃ አይርቅም። ውኃው ውስጥ ያለው አሸዋ በዓይን ይታያል። ዋና ልብሴን ለብሼ ስወጣ ማሚ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ሐዘን ላይ ነን እኮ።»

«ቫኬሽን ነን በይ አላልሽኝም?»

«ለሱ ነው እንጂ ላንቺ ነው ያልኩሽ?»

አይስክሬም አልኩ፤ ጾም ነው ተባልኩ። ፍልሰታን ልጅም ይጾማል። ሁለት ቀን ሙሉ ሩዝና ቆሎ እየበላሁ፣ የሌላ ሰው ልጆች ሲንቦራጨቁ በመስኮት እያየሁ ዋልኩ። ሚስ አይሪስ ዓሣ ጠብሳ ስታመጣልን ጋሽ ተሰማ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከማሚ ጋር ሲከራከሩ ዓሣው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ድመቷ በላችው።

ወደ ሴንት ክሮይ የሄድንባት ጀልባ ትልቅ ነበረች፤ ባሕሩ ግን ከሷ ይበልጥ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ተንገላታን። ያን የናፍጣና የፀሐይ ቅባት ሽታ እየሳብኩ ሦስት ጊዜ አስመለስኩ። ጋሽ ተሰማ ለካ ውኃ ይፈራሉ፤ ውዳሴ ማርያም በአንድ እጃቸው፣ ክንዴን በሌላው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ። አምስቱ ጣታቸው ክንዴ ላይ ታትሞ ቀረ። ማሚ ግን እዚያው ሽንት ቤት ውስጥ ግድግዳ እየመታት ቀይ ቀሚሷን ለበሰች።

ከወደቡ ወደ ደሴቲቱ ሌላ ጫፍ የሚሄደው አውቶቡስ ካልሞላ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ሹፌሩ ዳቦ ሊገዛ ቆመ። ቀጥሎ አክስቱን ሊያናግር ቆመ። እኔ በንዴት ወንበሩን ስመታ ጋሽ ተሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘና አሉ። «ይኼስ ሹፌር ነው፤ ተሳፋሪውን በስሙ ያውቃል» አሉ። ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ እሱ በራሱ ቋንቋ እሳቸው በአማርኛ፣ ስለ ማርሽ አወሩ። ያለ አስተርጓሚ ተግባቡ። ይህም አናደደኝ።

ሥራው ቦታ ሽፋሽፍቱ ላይ ነጭ ቀለም የነጠበበት ሰውዬ አገኘን። «ዳን? ሰኞ ሄደ» አለኝ፤ ዳኛቸውን ማለቱ ነው። «ወደ ሴንት ቶማስ። ፋሚሊ ማተር አለኝ ብሎ ሥራውን ለቀቀ።»

«የቤተሰብ ጉዳይ አለኝ ብሎ ሄደ» ብዬ ተረጎምኩ።

«የምን ቤተሰብ?» አለች ማሚ። «እዚህ የምን ቤተሰብ አለው? አግብቶ ነው?»

«ሰምቶ ይሆን እንዴ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ቢሰማማ ይደውልልኝ ነበር! ዳኛቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ሳይደውልልኝ? ሴት ነች። ለእኔ ሳያሳየኝ አግብቶ ነው!»

በማግስቱ ወደ ሴንት ቶማስ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያላየናትን ሴት ሲያሙ ሄዱ። ልጅ ይኖራት ይሆን፣ ክርስቲያን ትሆን ወይ፣ ለምን ደበቃት። እኔ ጭንቅላቴን ጉልበቴ ላይ ደፍቼ ውሳኔዬን ነገርኳቸው። «ከዛሬ በኋላ አልተረጉምም። አይ ኩዊት።» እነሱ ወደ ሐሜታቸው ተመለሱ።

ወደቡ ላይ ስንወርድ ማሚ ጥቁሯን እንደለበሰች ነበር፤ ሽንት ቤቱ በሌላ ሰው ስለ ተያዘ ጀልባዋ ላይ አልቀየረችም። «እዚህ ልቀይር፤ ድንገት ከተማ ውስጥ ብናገኘው» ብላ የወደቡ መታጠቢያ ቤት ገባች። ጋሽ ተሰማ በሩ ላይ ሻንጣ ጠባቂ ሆነው ቆሙ። «አንቺ ሂጂና ያ አውቶቡስ በሚስ አይሪስ በኩል ያልፍ እንደሆነ ጠይቂ» አሉኝ። ኩዊት አድርጌያለሁ ብዬ ልመልስ ነበር። ሄድኩ።

ጎኑ ክፍት በሆነው አውቶቡስ የመጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ሰው ሻንጣ ታቅፎ ተቀምጧል። ጢሙ አድጎ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ያወቅኩት በጆሮው ነው፤ እንደ ማሚ ጆሮ ከላይ ሾል ያለ።

«ዳኛቸው?»

ዘሎ ወረደና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው። «አንቺ! ከየት መጣሽ? ከማን ጋር?»

«ቫኬሽን መጥተን ነው። አያቴ ደህና ናት።» በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ተማርኩት፣ ሳልጠየቅ።

ዓይኑ ውኃ ሞላ። ተንበረከከና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽ አልሰማችም ማለት ነው» አለ። «ስሚኝ የኔ ቆንጆ። አያትሽ አርፋለች። አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ የሰማሁ መስሎት በሰው ስልክ በምከፍተው ኢንተርኔት ላይ ‘ነፍስ ይማር’ ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ላንቺ እናት በስልክ ልነግራት አልቻልኩም፤ መጥቼ ሽማግሌ ይዤ ልነግራት ነው። የአውሮፕላን ቲኬት እስካገኝ እዚህ ቆየሁ፤ ይኸው፣ አሁን ወደ አየር ማረፊያ ነበርኩ። እንዳትነግሪያት። በማርያም።»

«ግን እኮ እሷ…»

«በማርያም አልኩሽ!»

ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል የጋሽ ተሰማ ድምፅ ተሰማ። ዳኛቸው ሻንጣውን ከፈተና በቀቀኖች የታተሙበት ቢጫ ሸሚዝ አውጥቶ በጥቁሩ ላይ ደረበ። አሌክሳንድሪያ ሲደርስ እንዳትጠረጥር ብሎ የገዛው ነው። ማሚ በቀይ ቀሚሷና በባርኔጣዋ ስትወጣ እሱ በበቀቀኖቹ ቆሞ ጠበቃት።

«ዳኜ!»

«እህቴ! ምን አመጣችሁ?»

«ቫኬሽን! አንተስ በሻንጣ ወዴት ነህ?»

«እኔም ቫኬሽን፤ እናንተ ጋ!»

ተቃቅፈው እየሳቁ አለቀሱ፤ ሁለቱም በደስታ ነው አሉ። ስለ ጢሙ ስትጠይቀው «ምላጭ ውድ ነው እዚህ» አላት። እኔ መሐላቸው ቆሜ የሁለቱንም መሐላ ተሸክሜያለሁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተሰማን ሦስት ጊዜ ለብቻቸው አገኘኋቸው። «ጋሽ ተሰማ፣ ዳኛቸው እኮ…» ስላቸው «ዝም። ነገ ማለዳ። አንቺ የልጅ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛ ጊዜ ቆሎ ሰጡኝ። ማሚን እጇን ስስባት ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እዚያው የጋሽ ተሰማ ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ። ዳኛቸው ደግሞ ጋሽ ተሰማ ሽማግሌ መሆናቸውን ደስ ብሎት እያየ፣ በነጋታው ማለዳ እንዴት እንደሚያማክራቸው ያስባል፤ ይህን በጆሮዬ ነግሮኛል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሚስ አይሪስ በረንዳዋ ላይ ሩዝና ባቄላ አቀረበችልን። ማሚ ባርኔጣዋን አላወለቀችም።

«እማዬን ሰሞኑን አገኘሻት?» አለ ዳኛቸው ሩዙን እየቆፈረ።

«አዎ! ባለፈው ሳምንት። ጉልበቷ ተሽሏታል። አንተስ?»

«እኔም። ድምፅዋ ደስ ይላል። ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄዳ መጣች።»

«ለኔም ነግራኛለች! በእግሯ ሄድኩ አለችኝ።»

«ሳቀች እኮ ስታወራኝ።»

«ስትስቅማ እሷ…» ማሚ ውኃ ጠጣች።

ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ደፍተው ያኝካሉ። እኔ አንዷን አየሁ፤ ሌላውን አየሁ። ያቺ ስልክ ውስጥ የነበረች ሴት ከሞተች በኋላ በእግሯ ሄዳ፣ ስቃ፣ ጉልበቷ ድኖ፣ በዚህ ከቀጠሉ ልትጨፍር ነው። ሳምንት ሙሉ የታመቀው ሁሉ፣ አህያው፣ ትውከቱ፣ ቀይ ቀሚሱ፣ መሐላው፣ አንድ ላይ ተነሳብኝ። ሹካዬን ወርውሬ ተነሳሁ።

«ሞታለች! እማዬ ሞታለች! አንቺም ታውቂያለሽ፣ አንተም ታውቃለህ! ዩ ቦዝ ኖው!»

ዳኛቸው ሳህኑን ገፍቶ ወደ ማሚ ዞረ።

«ሰምተሻል?» አላት።

«አንተስ?»

«ሰምቻለሁ።»

«እሁድ የደወልክልኝ ጊዜ?»

«ሰምቼ ነበር። አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ…»

«እኔም እኮ፣ ዳኜ። እኔም።»

ማሚ ባርኔጣዋን አወለቀች። ዳኛቸው የተቆረጠ ፀጉሯን ሲያይ እጁን ዘርግቶ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ዳሰሰው። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ጮኹ። ወንበሩ ተገለበጠ፤ በረንዳው ላይ ወድቀው ተያይዘው «እማዬ፣ እማዬ» እያሉ አለቀሱ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። በአሌክሳንድሪያው ለቅሶ እንኳ እናቴ እንዲህ አላለቀሰችም።

ጋሽ ተሰማ ተነሱ። በሦስት ደሴቶች የተለማመዱት ንግግር አፋቸው ላይ ነበር። አልተናገሩትም። «አልቅሱ ልጆቼ። አሁንስ አልቅሱ» ብቻ አሉ። ነጠላቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አጣፉና ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ልክ ለቅሶ ቤት ደጅ ሰው እንደሚቀበሉ። በዚያ መንገድ ማንም የሚመጣ አልነበረም።

የሚቀጡኝ መስሎኝ በሩ ጋ ተለጥፌ ቆምኩ። በእጃቸው ጠሩኝ።

«ይቅርታ ጋሽ ተሰማ» አልኳቸው። «ነገ ማለዳ ነበር።»

«ነበር» አሉ። አጠገባቸው ወንበር ሳቡልኝ። «ሦስት ጊዜ ልትነግሪኝ መጣሽ። ሦስቱንም ጊዜ ዝም በይ አልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ሚስ አይሪስ ጩኸቱን ሰምታ በቤት ጫማዋ መጣች። በረንዳውን አየች፤ እኔን አየች። በዚያ ዜማዋ ማን እንደ ሞተ ጠየቀችኝ። ምንም ሳላስደግማት ገባኝ።

«እናታቸው» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችውና የሆነ ነገር አለችኝ።

«ምን አለች?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ልተረጉም አፌን ከፈትኩ። «እንግዲያው ያንቺ አያት ናት» ነበር ያለችው። «ያንቺ አያት» እስከሚለው ደረስኩ። ከዚያ በኋላ ድምፄ አልወጣም። አለቀስኩ፤ ስንት ቀን የተናደድኩትን ያህል አለቀስኩ። ጎበዝ ተማሪ ነሽ ወይ፣ ትበያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከእንግዲህ አልነበረም። ጋሽ ተሰማ የነጠላቸውን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

ሚስ አይሪስ ወንበር ስባ አጠገባችን ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ በአጥሩ ላይ ጎረቤቷን ጠራቻት። ጎረቤቷ መጣች፤ ቀጥሎ ባሏ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ ያ ሴንት ቶማስ የደረስን ዕለት ጋሽ ተሰማ ሲጮሁበት የዋሉት የአውቶቡስ ሹፌር። ጋሽ ተሰማ ለእያንዳንዳቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉ።